ከባሕር ዳር ጎንደር በአየር፦ 102 ኪሎ ሜትር ለምን በአሥር ደቂቃ አያልቅም?

ባሕር ዳር እና ጎንደር በመካከላቸው የጣና ሐይቅን ያስቀመጡ ጎረቤታሞች ናቸው። አንደኛዋ በሐይቁ ደቡባዊ ጫፍ፣ ሌላኛዋ ከሐይቁ በስተሰሜን ጥቂት ራቅ ብላ ትገኛለች። ሁለቱም የአውሮፕላን ማረፊያ አላቸው። ይሁን እንጂ ከአንደኛው ማረፊያ ወደ ሌላኛው ያለውን ርቀት የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ምንጭ 55 ይለዋል፤ ሌላው 63፤ ሦስተኛው 102፤ አሽከርካሪ ከጠየቀ ደግሞ 180። የበረራው ጊዜም እንዲሁ ነው፤ በስሌት አሥር ደቂቃ የማይሞላው ጉዞ በተግባር ግማሽ ቀን ሲፈጅ ይታያል። የሚገርመው እነዚህ ቁጥሮች ሁሉም ትክክል መሆናቸው ነው። የሚለያዩት የለኩት ነገር ስለሚለያይ ነው።

ልዩነቱን ማወቅ ለብዙ ሰው ከተራ ጉጉት ያለፈ ጥቅም አለው። ሕመምተኛ ይዞ ከአንዱ ከተማ ሆስፒታል ወደ ሌላው የሚጓዝ ቤተሰብ፣ ቀጠሮ ያለው ነጋዴ፣ የትምህርት ጊዜው የደረሰበት ተማሪ፣ ለጥምቀት በዓል ጎንደር ለመገኘት የተነሳ ምዕመን፣ ሁሉም ገንዘቡን እና ሰዓቱን የሚመድበው በእነዚህ ቁጥሮች ላይ ተመሥርቶ ነው። የተሳሳተውን ቁጥር የያዘ ደግሞ ወይ ይዘገያል፣ ወይ ያለ አግባብ ይከፍላል።

ርቀቱ ከየት እስከ የት ነው?

የባሕር ዳሩ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማዋ በስተምዕራብ የሚገኝ ሲሆን፣ በሰሜን ኬክሮስ 11.6 ዲግሪ እና በምሥራቅ ኬንትሮስ 37.3 ዲግሪ አካባቢ ላይ ተቀምጧል። የጎንደሩ ዓፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ከጎንደር በስተደቡብ አዘዞ አቅራቢያ፣ በ12.5 ዲግሪ ሰሜን እና በ37.4 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ይገኛል። በዚህ የምድር ክፍል አንድ ዲግሪ ኬክሮስ ወደ 110.6 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በሁለቱ ማረፊያዎች መካከል ያለው የኬክሮስ ልዩነት ወደ 0.91 ዲግሪ የሚጠጋ በመሆኑ፣ ይህ ብቻውን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ያስገኛል። የኬንትሮሱ ልዩነት 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ በቀጥታ መስመር ያለው ርቀት ወደ 102 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ይህ ማለት ከባሕር ዳር የተነሳ አውሮፕላን ጎንደር ለመድረስ አፍንጫውን ከሞላ ጎደል ወደ ሰሜን ማቅናት ብቻ ይበቃዋል፤ ወደ ምሥራቅ የሚያዘነብለው 7 ዲግሪ ያህል ነው።

55 እና 63 የሚሉት ቁጥሮች ይህንኑ ርቀት በሌላ መለኪያ የሚገልጹ ናቸው። አብራሪዎች እና የበረራ ተቆጣጣሪዎች የሚጠቀሙት የባሕር ማይል የሚባለውን ነው፤ አንዱ 1.852 ኪሎ ሜትር ይሆናል። መለኪያው የተመረጠው ከካርታ ጋር ስለሚስማማ ነው። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ ለ60 ሲከፈል አንዱ ክፍል ከሞላ ጎደል አንድ የባሕር ማይል ነውና፣ ካርታ የያዘ ሰው ያለ ብዙ ሒሳብ ርቀቱን ያነባል። 102 ኪሎ ሜትር በዚህ መለኪያ 55 ነው። 63 ደግሞ በአሜሪካ እና በእንግሊዝ በየብስ መንገድ ላይ የሚሠራበት ማይል ነው። የስልክ መተግበሪያዎች ሦስቱንም መለኪያዎች እያቀያየሩ ስለሚያሳዩ፣ ከቁጥሩ ጎን የተጻፈውን መለኪያ ሳያዩ መቅዳት ስሕተት ላይ ይጥላል።

የአሽከርካሪው 180 ኪሎ ሜትር የሐይቁ ሥራ ነው። ጣና በዝናብ ወራት እና በበጋ ስፋቱ ቢለያይም 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ከባሕር ዳሩ ማረፊያ ወደ ጎንደር በካርታ ላይ በማስመሪያ መስመር ቢሰመር፣ መስመሩ የዘጌን ባሕረ ገብ መሬት አካባቢ ነክቶ፣ የደቅን ደሴት በስተግራ ትቶ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ርቀት በውኃ ላይ ይሄዳል። መኪና ይህን ማድረግ ስለማይችል ከባሕር ዳር ወጥቶ የዓባይን ድልድይ ይሻገርና በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ይዞራል። ሐሙሲትን፣ ወረታን፣ ይፋግን፣ አዲስ ዘመንን፣ እንፍራዝን፣ ማክሰኚትን አልፎ በአዘዞ በኩል ጎንደር ይገባል። ከቀጥታው መስመር ጋር ሲነጻጸር ወደ 80 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ተጨማሪ መንገድ ነው። በነገራችን ላይ በዚህ መንገድ የሚጓዝ ሰው የሚደርሰው ወደ ከተማዋ መሐል እንጂ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው አይደለም፤ በአየር የሄደው ግን አዘዞ አቅራቢያ አርፎ እንደገና መኪና መያዝ አለበት።

ሜዳ የሌለው ዳገት እና ቁልቁለት

በአገር ውስጥ በረራዎች ላይ በብዛት የሚታየው ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ ኪው 400 አውሮፕላን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን የተረከበው በ2002 ዓ.ም ነበር። ይህ አውሮፕላን ከፍታውን ይዞ ሲጓዝ በሰዓት እስከ 667 ኪሎ ሜትር ይበራል። 102 ኪሎ ሜትር በዚህ ፍጥነት ቢካፈል ከ9 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ብዙ ሰው «አሥር ደቂቃ» የሚለውን መልስ የሚያገኘው ከዚህ ስሌት ነው። ስሌቱ የሚሳሳተው አውሮፕላኑ መንገዱን ሁሉ በዚያ ፍጥነት እንደሚሄድ አድርጎ በመቁጠሩ ነው።

የባሕር ዳሩ ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል፤ የጎንደሩ ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል። በመካከላቸው ለሚደረግ አጭር በረራ አውሮፕላኑ እስከ 4,500 ሜትር ይወጣል ብለን እናስላ። ከባሕር ዳር ተነስቶ 2,700 ሜትር ያህል መውጣት ይኖርበታል ማለት ነው። በሴኮንድ 8 ሜትር እየወጣ ቢሄድ ከ5 ደቂቃ ተኩል በላይ ይፈጅበታል፤ በመውጣት ላይ ሳለ ፍጥነቱ ዝቅ ያለ በመሆኑ በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚሸፍነው ርቀት 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለማረፍ ሲወርድ ደግሞ የሚከተለው ቁልቁለት አብዛኛውን ጊዜ ወደ 3 ዲግሪ ነው። ከዚህ በላይ ቢያዘቀዝቅ ፍጥነቱን መቆጣጠር ይከብዳል፤ መንገደኛውም ጆሮውን ይታመማል። በ3 ዲግሪ ቁልቁለት 300 ሜትር ከፍታ ለመቀነስ ወደ 6 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርቀት ያስፈልጋል። ከ4,500 ሜትር ወደ ጎንደር መንደርደሪያ ለመውረድ እንግዲህ 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበላል።

35 እና 48 ሲደመሩ 83 ናቸው። ከ102 ኪሎ ሜትሩ አውሮፕላኑ ከፍታውን እና ሙሉ ፍጥነቱን ይዞ ሊሄድ የሚችልበት የቀረው 19 ኪሎ ሜትር ብቻ ሆነ፤ ይህም የሁለት ደቂቃ መንገድ ነው። ዳገቱ እንዳለቀ ቁልቁለቱ ይጀምራል፤ ሜዳው እምብዛም የለም። ለዚህ ነው በአየር ላይ የሚያልፈው ጊዜ ወደ 20 ደቂቃ የሚጠጋው። በአማካይ ሲታይ አውሮፕላኑ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የተጓዘ ይሆናል፤ ከሙሉ ፍጥነቱ ግማሹን እንኳ አይሞላም።

የመንደርደሪያው አቅጣጫም የራሱን ደቂቃዎች ይጨምራል። አውሮፕላን የሚነሳውም የሚያርፈውም ነፋስን ፊት ለፊት ተቀብሎ ነው። የጎንደሩ መንደርደሪያ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ በመሆኑ፣ ከባሕር ዳር የሚመጣ አውሮፕላን ነፋሱ ከሰሜን ሲነፍስ የመጣበትን አቅጣጫ ሳይለውጥ በቀጥታ ያርፋል። ነፋሱ ከደቡብ ከሆነ ግን ማረፊያውን አልፎ ወደ ሰሜን ሄዶ መዞር ይኖርበታል። በክረምት ወራት ደግሞ የነጎድጓድ ደመና በመስመሩ ላይ ሲቆም ዙሪያውን መሄድ ግድ ይላል። በካርታ ላይ የተሰመረው 102 ኪሎ ሜትር እንዲህ እያለ 120 ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል።

የአገራችን ከፍታም ሊረሳ አይገባም። በ1,800 ሜትር ላይ ያለ አየር ከባሕር ወለል አየር ይልቅ ሳሳ ያለ ነው፤ ሞቃት በሆነ እኩለ ቀን ልዩነቱ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ይደርሳል። የሳሳ አየር ለክንፉም ሆነ ለሞተሩ የሚሰጠው ጉልበት አነስተኛ በመሆኑ አውሮፕላኑ ለመነሳት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ ከተነሳም በኋላ የሚወጣው ቀስ ብሎ ነው። የደጋ ከተሞች መንደርደሪያ እንደ ቆላዎቹ አጠር ብሎ ሊሠራ የማይችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

በቲኬት ላይ የተጻፈው ደቂቃ

በአየር ላይ 20 ደቂቃ የሚወስድ በረራ በፕሮግራም ላይ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ተብሎ ቢጻፍ አየር መንገዱ ሰዓት አበዛ ማለት አይደለም። በቲኬት ላይ የሚጻፈው የመነሻ ሰዓት ጎማው ከመሬት የሚለቅበት ሳይሆን አውሮፕላኑ ከቆመበት ቦታ የሚንቀሳቀስበት ነው። የመድረሻውም ሰዓት መሬት የሚነካበት ሳይሆን መቆሚያው ላይ ደርሶ ጸጥ የሚልበት ነው። በመካከሉ ሞተር ማስነሳት፣ እያኮበኮቡ ወደ መንደርደሪያው ጫፍ መሄድ፣ ከመቆጣጠሪያ ማማው ፈቃድ መጠበቅ፣ መንደርደሪያው ላይ ያለ ሌላ አውሮፕላን እስኪነሳ ወይም እስኪያርፍ መታገስ አለ።

ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ወፍ ነው። ሐይቅ ባለበት ወፍ ይበዛል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ ለመብረር የተነሳ ቦይንግ 737 አውሮፕላን፣ ገና ከመሬት እንደለቀቀ የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገብቶበት ወድቋል። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች መካከል 35ቱ ሕይወታቸውን አጥተዋል። በአቪዬሽን ዓለም ወፍ ስላደረሰው አደጋ ሲነሳ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ክስተት ነው። መንደርደሪያው ላይ ወፍ ታይቶ መነሳት ለጥቂት ደቂቃዎች ቢዘገይ፣ መንገደኛው ሊማረርበት የሚገባ ነገር አይደለም።

መኪናው ሲቀድም

እስካሁን የተቆጠረው አውሮፕላኑ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። መንገደኛው የሚፈጅበት ጊዜ ሌላ ነው። ለአገር ውስጥ በረራ ሁለት ሰዓት ቀድሞ መገኘት የተለመደ ምክር ነው። ከቤት እስከ ባሕር ዳሩ ማረፊያ ግማሽ ሰዓት፣ በማረፊያው ሁለት ሰዓት፣ በበረራው 35 ደቂቃ፣ ሻንጣ ለመቀበል 20 ደቂቃ፣ ከአዘዞ ጎንደር መሐል ከተማ ለመግባት ሌላ ግማሽ ሰዓት ቢታሰብ፣ ድምሩ ወደ አራት ሰዓት ይጠጋል። መንገዱ ሰላም ሆኖ፣ ከተማ መሐል ያለው ፍተሻ እና መጨናነቅ ካልበዛ፣ 180 ኪሎ ሜትሩን አስፋልት መኪና በሦስት ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል። ቀጥታ በረራ ቢኖር እንኳ በዚህ መስመር መኪናው ቀድሞ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው።

ይህ ሒሳብ ርቀቱ ሲጨምር ይገለበጣል። ከባሕር ዳር እስከ ላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ መስመር 185 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጎንደሩ በ83 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። መውጫው እና መውረጃው ያው ስለሆነ ተጨማሪው ርቀት በሙሉ የሚሸፈነው በሙሉ ፍጥነት ነው፤ በበረራው ላይ የሚጨምረው ስምንት ደቂቃ ያህል ብቻ ይሆናል። በመኪና ግን በወረታ፣ በደብረ ታቦር እና በጋሸና በኩል የሚሄደው መንገድ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የጉና ተራራ ተጠግቶ የሚያልፍ፣ ዳገት እና ጥምዝምዝ የበዛበት በመሆኑም ቀኑን ይፈጃል። አውሮፕላን ዋጋ የሚኖረው እንዲህ ያለ መንገድ ላይ ነው። በአጭሩ እና በሜዳማው የባሕር ዳር–ጎንደር መስመር ላይ ግን ጥቅሙ ያንሳል።

ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው ቀጥታ በረራ እየተመናመነ የመጣበትም ምክንያት ከዚህ ብዙ አይርቅም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ካደረገ በኋላ፣ የአገር ውስጡን አገልግሎት ለረጅም ዓመታት የተሸከሙት የዲሲ 3 አውሮፕላኖች ነበሩ። በዚያ ዘመን አውሮፕላን እንደ አውቶቡስ ነበር። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ከከተማ ከተማ እያረፈ፣ ሰው እያወረደ እና እየጫነ ይሄዳል። አዲስ አበባን፣ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላን እና አክሱምን በአንድ ክር የሚያያይዘው የታሪካዊ ሥፍራዎች መስመርም በዚሁ ልማድ የቆየ ነበር። ጎብኚዎች ከባሕር ዳር ጎንደር የሚሻገሩት በዚህ መስመር ነበር።

አጭር በረራ ለአየር መንገድ ውድ ነው። ነዳጅ በብዛት የሚቃጠለው በመነሳት እና በመውጣት ላይ ሳለ ነው፤ ከላይ እንደታየው ደግሞ የዚህ መስመር ትልቁ ክፍል መውጣት እና መውረድ ነው። የሞተሩ እና የጎማ እግሩ ጥገና የሚታሰበው በበረራ ሰዓት ብቻ ሳይሆን በተነሳ እና ባረፈ ቁጥርም ጭምር ነው። ከባሕር ዳር ጎንደር 20 ደቂቃ የበረረ አውሮፕላን በዚህ በኩል ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ከበረረው እኩል ይቆጠርበታል። የመሬት አገልግሎቱ፣ የሻንጣው ጉልበት፣ የሠራተኛው ሰዓት ርቀት ሲያጥር አብሮ አያጥርም። የቲኬቱ ዋጋ ግን ከአውቶቡሱ ጋር ይወዳደራል ተብሎ ይጠበቃል። ከዚህም በላይ ቦሌ የመላው አህጉሩ የአየር መናኸሪያ ሲሆን፣ እያንዳንዱ የክልል ከተማ በቀጥታ ከአዲስ አበባ ጋር መገናኘቱ ለውጭ አገር ተጓዡ የተሻለ ሆነ። ለአየር መንገዱ ይህ ምክንያታዊ ውሳኔ ነው። ዋጋውን የከፈሉት ግን እርስ በርስ የሚጎራበቱት ከተሞች ናቸው።

በአዲስ አበባ በኩል ሲዞር

ቀጥታ በረራ በሌለበት ቀን ከባሕር ዳር ጎንደር በአየር መሄድ ማለት አዲስ አበባ ወርዶ መመለስ ማለት ነው። ከባሕር ዳር እስከ ቦሌ በቀጥታ መስመር 333 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከቦሌ እስከ ጎንደር ደግሞ 419። ድምሩ 752 ኪሎ ሜትር ይሆናል። 102 ኪሎ ሜትር ርቆ ወደሚገኝ ከተማ ለመድረስ ከሰባት እጥፍ በላይ መብረር ማለት ነው፤ ከባሕር ዳር የተነሳው መንገደኛም መጀመሪያ የሚጓዘው ጀርባውን ለጎንደር ሰጥቶ ወደ ደቡብ ነው። የመጀመሪያው በረራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ሁለተኛው ከአንድ ሰዓት አለፍ ያለ ይፈጃል። በመካከሉ ያለው ጥበቃ እና በሁለቱ ጫፎች የሚጠፋው ጊዜ ሲታከልበት ከቤት እስከ ቤት ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ይሆናል። የበረራዎቹ ሰዓት ካልተገጣጠመ አዲስ አበባ ማደርም አለ፤ የሆቴሉ ወጪ ያን ጊዜ ከቲኬቱ ጋር ይደመራል።

መንገዱ ክፍት በሆነበት ጊዜ ይህን የሚመርጥ ሰው አይኖርም። ጉዳዩ የሚከብደው በጸጥታ ችግር የየብስ መንገዱ ሲዘጋ ነው። ባለፉት ዓመታት እንደታየው፣ ሕክምና የሚሻ ሰው፣ ፈተና የደረሰበት ተማሪ፣ ልቅሶ የተጠራ ዘመድ ያለው አማራጭ ይህ ብቻ የሆነባቸው ቀናት ነበሩ። በ2015 ዓ.ም ማብቂያ ላይ ደግሞ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት ሳቢያ በረራዎቹም ጭምር ለቀናት ተቋርጠው እንደነበር ይታወሳል። በአውሮፕላን 20 ደቂቃ ወደሚበቃው ከተማ ሕመምተኛን ለማድረስ ሁለት ቲኬት፣ ሁለት ፍተሻ፣ ሁለት መነሳት እና ሁለት ማረፍ ሲያስፈልግ፣ አጭሩን መስመር በገበያ ሒሳብ ብቻ መመዘን በቂ አለመሆኑ ግልጽ ይሆናል። በብዙ አገሮች አትራፊ ያልሆኑ ነገር ግን ለሕዝብ የሚያስፈልጉ አጫጭር የአየር መስመሮች በመንግሥት ድጎማ የሚቆዩት በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ መስመር መጓዝ የሚፈልግ ሰው ቲኬት ሲቆርጥ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው በረራው ቀጥታ ነው ወይስ በአዲስ አበባ በኩል የሚለውን ነው። በአዲስ አበባ በኩል ከሆነ ሁለቱን በረራዎች በአንድ ቲኬት መቁረጥ ይመረጣል። ለየብቻ ከተቆረጡ የመጀመሪያው ሲዘገይ ሁለተኛው ላይጠብቅ ይችላል፤ ሻንጣውንም ቦሌ ላይ ተቀብሎ እንደገና ማስረከብ ይመጣል። ቀጥሎ የሚታየው ሰዓቱ ነው። ቲኬት የሚጻፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ሲሆን በአገራችን ከሚነገረው ሰዓት በስድስት ይለያል። 07:30 ማለት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው፤ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል የሚለው በቲኬቱ ላይ 13:30 ተብሎ ይጻፋል። ሁለቱን ያቀያየረ ሰው ማረፊያው በር ላይ ሲደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ ስድስት ሰዓት ሆኖታል።

ከሰዓቱ ይልቅ የሚያዘናጋው ቀኑ ነው። በቲኬት ላይ 10/5 ተብሎ የተጻፈ ቀን ሜይ 10 ማለት ነው፤ ይኸውም ግንቦት 2 እንጂ ጥር 10 አይደለም። በተለይ ለጥምቀት ወደ ጎንደር የሚሄዱ ሰዎች ጥር 11 ሁልጊዜ ጃንዋሪ 19 ላይ እንደሚውል አድርገው ቀድመው ቦታ ያስይዛሉ። በአብዛኞቹ ዓመታት እውነት ነው። ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን በዓሉ ወደ ጃንዋሪ 20 ይሸጋገራል፤ 2016 ዓ.ም እንዲህ ነበር፤ 2020 ዓ.ምም እንዲሁ ይሆናል። በእነዚህ ዓመታት ለከተራ መድረስ የፈለገ ሰው መፈለግ ያለበት የጃንዋሪ 18ን ሳይሆን የ19ን ማለዳ በረራ ነው።